ከሽጉጡ ውስጥ ሽጉጡ የቱ ነው?

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አንድ ጥያቄ ላከልን። አጎቱ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። ፈቃድ አውጥቶ ከልብስ ስር የሚታጠቅ ትንሽ ሽጉጥ ገዝቷል። ልጁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በራቸው ላይ የታሸገ ፖስታ ተቀምጦ አገኘ። አጎቱ ሲከፍተው ከውስጡ የሽጉጥ እጀታ ከነቃታ መከለያው ዱብ አለ። «ሽጉጥ እንደ ቲሸርት በፖስታ ይላካል እንዴ?» ብሎ ሲደነግጥ አጎቱ ሳቅ አለና «ይሄ እኮ ሽጉጥ አይደለም» አለው። «ታዲያ የቱ ነው ሽጉጡ?» የልጁ ጥያቄ ይሄ ነው። ከስር ደግሞ ሌላ ጨምሯል፦ «ከእጁ ቢወድቅስ ይባርቃል?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ከሚመስሉት በላይ ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ድረስ የሄደ ጉዳይ አለው፤ ሁለተኛው መሐንዲሶችን ሌት ተቀን ሲያሟግት ኖሯል። (ከአንዱ አዋጅ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን ስሙን እንየው። «ሽጉጥ» ከ«ሸጎጠ» ነው፤ የተሸጎጠ፣ የተወሸቀ ነገር ማለት። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፣ ሽጉጥ ግን በወገብ ይሸጎጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ደብቆ መታጠቅ» ብለው በሁለት ቃል የሚጠሩትን ነገር አማርኛ ስሙ ውስጥ ከቶታል ማለት ነው። እንግዲህ መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ከመሸጎጥ ነው። የሚሸጎጥ ነገር ትንሽ፣ ቀጭንና ቀላል መሆን አለበት። ትንሽ፣ ቀጭንና ቀላል የሆነ ሽጉጥ ደግሞ ፊዚክስ አይወደውም።

ሊብሬ ያለው ክፍል

ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ሞተሩ ተቀይሯል፣ በሮቹ ከሌላ መኪና መጥተዋል፣ ወንበሮቹ ሦስት ጊዜ ተለብጠዋል፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ያው መኪና ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፋ በዚህ ሲከራከር ሊያድር ይችላል። ትራፊክ ፖሊሱ ግን ጊዜ አያጠፋም፤ ሊብሬውን ተቀብሎ የሻንሲ ቁጥሩን ያያል። ቁጥሩ ከገጠመ መኪናው ያው ነው፣ በቃ።

ሞጁላር ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ሞጁላር ማለት ተለያይተው የሚገጣጠሙ፣ በሌላ ልክ ሊተኩ የሚችሉ ክፍሎች ያሉት ማለት ነው። ሲግ ሳወር የተባለው ኩባንያ በ2014 ፒ320 የተባለውን ሽጉጥ ለገበያ ሲያቀርብ (ከዚያ በፊት በ2007 ፒ250 በተባለው ሞክሮት ነበር) ቃታውን፣ የሚይዘውንና የሚለቀውን ዘዴ፣ ትንንሾቹን ሞላዎች ሁሉ አንዲት የብረት ሳጥን ውስጥ ሰበሰባቸው። ይህችን ሳጥን የመተኮሻ ክፍል እንበላት። ብቻዋን ስትታይ ሽጉጥ አትመስልም፤ የተበላሸ ቁልፍ ሆድ ዕቃ ነው የምትመስለው። መለያ ቁጥሩ ግን የተቀረጸው እሷ ላይ ነው። ሻንሲዋ እሷ ናት።

ይህችን ሳጥን የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ታስገቡና ከላይ አፈሙዙንና ስላይድ የሚባለውን ተንሸራታች ክፍል ታለብሱታላችሁ። ትልቅ እጀታና ረጅም አፈሙዝ ከሆነ ወታደር የሚታጠቀው ሽጉጥ ይሆናል። እጀታውንና አፈሙዙን በአጭር ብትለውጡት ያቺው ሳጥን በትንሽ ሽጉጥ ውስጥ ትሠራለች። የአሜሪካ ጦር ከ1985 ጀምሮ ይዞት የነበረውን ቤሬታ ኤም9 ለመተካት ባወጣው ጨረታ ስሙ ራሱ «ሞጁላር የእጅ መሣሪያ» የሚል ነበር፤ በጥር 2017 ያሸነፈው ፒ320 ነው። ኤም17 እና ኤም18 የሚባሉት ሁለቱ መጠኖቹ ናቸው። ለጦሩ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የወታደር እጅ እንደ ጫማ ልኩ ይለያያል፤ እጁ ትንሽ የሆነ ወታደር ጣቱ ቃታው ላይ በትክክል ካልደረሰ ኢላማውን ይስታል። አሁን ሽጉጡን ሳይሆን እጀታውን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ወደ ፖስታው እንመለስ። የ1968ቱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የመሣሪያውን ዋና አካል ብቻውን እንደ ሙሉ መሣሪያ ይቆጥረዋል። በድሮዎቹ ሽጉጦች ይህ አካል እጀታው ነበር፤ እጀታውን የገዛ ሽጉጥ ገዛ ማለት ነው። በሞጁላሩ ግን ዋናው አካል ያቺ ሳጥን ናት። እሷን ከሱቅ ለመግዛት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍና የወንጀል ታሪክ ማጣራት ግድ ነው። እጀታው በሕግ ዓይን የተቀረጸ ፕላስቲክ ነው፤ አፈሙዙም ቢሆን ዕቃ ነው። ስለዚህ አጎትየው ትክክል ነው፣ በፖስታ የመጣው ሽጉጥ አይደለም።

«ታዲያ ሰው ያቺን ሳጥን ወይም ያንን ዋና አካል ግማሽ አድርሶ ቢሸጥስ? አንድ ቀዳዳ ብቻ የቀረው ብረትስ ሽጉጥ ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሕግ ባለሙያ መሆን ትችላላችሁ። በአሜሪካ መለያ ቁጥር የሌላቸው፣ ቤት ውስጥ የሚጨረሱ መሣሪያዎች ፖሊስን ግራ ካጋቡ በኋላ፣ የፌዴራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ በ2022 እንዲህ ያሉ ያላለቁ ጥቅሎችም እንደ መሣሪያ እንዲቆጠሩ ደንብ አወጣ። ነገሩ ተከራክሮ ተከራክሮ በመጋቢት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ደንቡን አጸናው። በኢትዮጵያ በበኩሉ ጉዳዩን የሚገዛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው፤ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ብቻ ነው።

ትንሽ ሽጉጥ ለምን ይራገጣል?

ብዙዎቹ እነዚህ ሽጉጦች የሚተኩሱት ባለ 9 ሚሊሜትር ጥይት ጆርጅ ሉገር የተባለ ኦስትሪያዊ በ1902 ያወጣው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ንድፍ መሆኑ ይገርማል። ቃታው ሲሳብ መርፌው የቀለሁን ቂጥ ይመታል፣ እዚያ ያለችው ማቀጣጠያ ትፈነዳለች፣ ባሩዱ ይነዳል። ቀለሁ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2,000 የአየር ግፊት በላይ ይወጣል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ከሁለት እስከ ሦስት የሚሆን ነው፤ አወዳድሩት። 8 ግራም የምትመዝነው አረር ከሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከአፈሙዙ ወጥታ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ትበራለች።

አሁን ኒውተንን ጥሩት። ሞመንተም አይጠፋም፤ አረሯ ወደፊት የወሰደችውን ያህል ሽጉጡ ወደ ኋላ ይቀበላል። 0.008 ኪሎ ግራም ሲባዛ በ350፣ 2.8 ነው፤ ከኋላዋ የሚወጣውን ጋዝ ስንጨምርበት 3 እንበለው። አንድ ኪሎ የሚመዝን የወታደር ሽጉጥ ከሆነ በሰከንድ 3 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይረግጣል። 600 ግራም የሚመዝን የሚሸጎጥ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ 3 ሲካፈል ለ0.6፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር። ኢነርጂውን አስሉት፦ የትልቁ 4.5 ጁል፣ የትንሹ 7.5 ጁል። ጥይቱ አንድ ዓይነት ሆኖ እጅ ላይ የሚያርፈው ምት ከግማሽ በላይ ጨመረ። በዚያ ላይ ትንሹ እጀታ ሦስት ጣት እንኳ በወጉ አያስይዝም። «ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል» የሚባለው ነገር እንግዲህ ተገልብጦ ነው የተያዘው፤ ለመያዝ እንጂ ለመተኮስ አይቀልም።

ርግጫው ግን ሥራም አለው። ሽጉጡ ቀጣዩን ጥይት የሚጎርሰው በዚሁ ጉልበት ነው። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ከመቶ ዓመት በፊት ያሰበው ዘዴ እስከዛሬ አልተሻረም። በተኩሱ ቅጽበት አፈሙዙና ስላይዱ እንደ በርና መቃን ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አረሯ ወጥታ ግፊቱ እስኪበርድ መክፈት አይቻልማ! ከዚያ የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ዝቅ ይልና ቁልፉ ይፈታል። ስላይዱ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል፤ ባዶውን ቀለህ ስቦ ይወረውራል፣ ሞላውን ይጨምቃል፣ ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካርታው አናት ላይ አዲስ ጥይት ጠርጎ ያጎርሳል። ይሄ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ሽጉጡ ሲያጥር እዚህ ላይ ችግር ይፈጠራል። ስላይዱ ቀላል ስለሆነ በኃይል ይወረወራል፤ የሚጓዘው መንገድ ደግሞ አጭር ነው። በአጭር መንገድ ፈጣን ነገር ለማቆም ጠንካራ ሞላ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሽጉጦች አንዱ ሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ሞላ ያላቸው ለዚህ ነው። ጠንካራ ሞላ ስላይዱን በእጅ መሳብን ያከብደዋል፤ ጣታቸው የደከመ ሰዎች ትንሹን ሽጉጥ ማቀባበል አቅቷቸው ትልቁን የሚመርጡት ከዚህ የተነሳ ነው።

በ2018 የወጣው ፒ365 የሚጠቀሰው በዚህ ትግል ነው። ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ሆኖም ካርታው አስር ጥይት ይይዛል። በዚያ መጠን ያሉ የቀድሞዎቹ ስድስት፣ ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ነበር የሚይዙት። ምስጢሩ ካርታው ውስጥ ነው፦ ከታች ጥይቶቹ ግራና ቀኝ ተዛንፈው ይደረደራሉ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ካርታው እየጠበበ ወደ አንድ ረድፍ ያመጣቸዋል። እንደ ሰልፍ ነው፤ ሁለት ረድፍ ሆኖ መጥቶ በሩ ላይ አንድ ይሆናል። እሱም ቢሆን ሞጁላር ነው፣ የራሱ የመተኮሻ ሳጥን አለው።

ስድስቱ አቅጣጫዎችና ሰባተኛው

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣን። ቢወድቅስ?

አማርኛ ላልታሰበ ተኩስ «ባረቀ» የሚል የራሱ ግስ አለው። «ተኮሰ» ስንል ተኳሽ አለ፤ «ባረቀ» ስንል ግን መሣሪያው በራሱ ያደረገው ይመስላል። መሐንዲስ ይህን ሰዋስው አይቀበለውም። የባረቀ መሣሪያ ሁሉ አንድ ነገር ገፍቶታል፤ ጣት፣ የጃኬት ገመድ፣ ወይም ኢነርሺያ።

ኢነርሺያን ታውቁታላችሁ። ታክሲው ድንገት ፍሬን ሲይዝ እናንተ ጉዟችሁን ትቀጥላላችሁ፤ የፊተኛው ወንበር እስኪያቆማችሁ። የሚወድቅ ሽጉጥ ውስጥ ያሉት ክፍሎችም ተሳፋሪዎች ናቸው። ሽጉጡ በኋላው በኩል መሬት ቢመታ አካሉ ቆመ፤ ቃታው ግን ወደ ኋላ መሄዱን ይቀጥላል። ወደ ኋላ የሄደ ቃታ ደግሞ የተሳበ ቃታ ነው፤ ማን እንደሳበው አይጠይቅም።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። ከ1.22 ሜትር የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ በሰከንድ 4.9 ሜትር ይፈጥናል። በ2 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም የሚደርስበት መገታት ከመሬት ስበት 600 እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ 10 ግራም የሚመዝን ቃታ ለዚያች ቅጽበት 6 ኪሎ እንደሚመዝን ይሆናል። የብዙ ሽጉጦች ቃታ የሚሳበው ከ2 እስከ 3 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ነው። እርግጥ ቅጽበቷ ከሺህኛ ሰከንድ ያነሰች ናት፤ ቃታው መንገዱን ጨርሶ እስኪለቅ ላትበቃ ትችላለች። «ላትበቃ ትችላለች» ላይ ግን ሕይወት አይመሠረትም።

1.22 ሜትርን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በአሜሪካ የመሣሪያ አምራቾች የሚጠቀሙበት የመውደቅ ፈተና ከዚህ ከፍታ (ከአራት ጫማ) ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ መጣል ነው። ሽጉጡ በስድስት አቅጣጫ ይጣላል፦ አፈሙዙ ወደታች፣ አፈሙዙ ወደላይ፣ በሆዱ፣ በጀርባው፣ በግራና በቀኝ ጎኑ። ፒ320 የአሜሪካን የመውደቅ ፈተናዎች ያለፈ ሽጉጥ ነበር። በነሐሴ 2017 ግን ከኩባንያው ውጭ ያሉ ሰዎች በሌላ ማዕዘን፣ ኋላው ወደታች ሆኖ 30 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል፣ ሲጥሉት ተኮሰ። ፈተናው ስድስት አቅጣጫ ያውቃል፤ መሬት የማያልቅ አቅጣጫ አላት።

ኩባንያው በዚያው ወር ለባለቤቶቹ በነጻ ማሻሻያ እሠራለሁ አለ። ከለውጦቹ አንዱ በጣም ቀላል ነው፣ ቃል በቃልም ቀላል፦ ክብደቱ የቀነሰ ቃታ። ከላይ ያሰላችሁትን መልሱና እዩት። ቃታው 5 ግራም ቢሆን 6 ኪሎው 3 ይሆናል። ብረት በመቀነስ ደህንነት ጨመረ። ከዚያ ወዲህም ሽጉጡ ቃታው ሳይነካ ተኩሷል የሚሉ ክሶች በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ቀርበዋል፤ ኩባንያው ሽጉጡ አስተማማኝ ነው ብሎ ይከራከራል።

ሌላው መንገድ ኦስትሪያዊው ጋስቶን ግሎክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ሽጉጥ ላይ የሚታየው ነው። ቃታው መሐል አንዲት ቀጭን ምላስ አለች። ጣት ሲያርፍበት ምላሷ ትገባለች፣ ቃታውም ይለቀቃል። ጣት ከሌለ ቃታው ከአካሉ ጋር ተቆልፏል። በተጨማሪም ቃታው እስኪሳብ ድረስ የመርፌውን መንገድ የሚዘጋ ትንሽ ብረት አለ፤ እንዲህ ያለው መዝጊያ ዛሬ በአብዛኞቹ አዳዲስ ሽጉጦች ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ለተማሪያችን፦ በደንብ የተሠራ፣ ያልተነካካ የዛሬ ሽጉጥ ወለል ላይ ቢወድቅ አብዛኛውን ጊዜ አይባርቅም። እንዲያውም የባሰው አደጋ ሲወድቅ ለመቅለብ መሞከር ነው። ብርጭቆ ሲያመልጠን እጃችን ሳናስበው ይዘረጋል፤ ለሽጉጥም እንዲሁ ሲዘረጋ ከአየር ላይ የሚጨብጠው ቃታውን ሊሆን ይችላል። አሠልጣኞች «ይውደቅ፣ ተወው» የሚሉት ለዚህ ነው። «ያልተነካካ» ያልኩትም በምክንያት ነው። ሞጁላር ማለት ሌጎ ማለት አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ቃታ፣ ከሌላው የተገዛ ሞላ፣ ከሦስተኛው የመጣ ስላይድ ሲገጣጠሙ እያንዳንዳቸው ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ድምራቸውን ግን ማንም ከ1.22 ሜትር ጥሎ አልፈተነውም።

አፎቱንም አትርሱት። ከልብስ ስር የሚታጠቅ ሽጉጥ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ይፈልጋል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የተወሸቀ ሽጉጥ፣ ወይም ወደ አፎቱ ሲመለስ የሸሚዝ ጫፍ ይዞ የገባ ሽጉጥ፣ ያለ ጣት ቃታው ሊሳብ ይችላል።

ላብ፣ አቧራና እርሳስ

አያቶቻችን ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ አይታችሁ ከሆነ ጸጥ ያለ የክብር ሥራ ይመስል ነበር። ወልዋዩ ምን እያስወገደ እንደነበር ግን ኬሚስትሪ ነው የሚነግረን። ባሩዱ ሙሉ በሙሉ አይነድም፤ ጥላሸትና ፍርፋሪ ይተዋል። የአረሯ ሽፋን መዳብ አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል። ማቀጣጠያዋ ደግሞ በብዙ ጥይቶች የእርሳስ ውህድ አለባት፤ ስትፈነዳ እርሳሱ (የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው) እንደ ደቃቅ ብናኝ ይበተናል። እርሳስ አንጎልን ይጎዳል፣ ልጆችን ይበልጥ። ስለዚህ ጽዳት የሚደረገው ምግብ በማይበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ በጓንት ነው፤ ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

የሚሸጎጥ ሽጉጥ ግን ከመተኮስ ይልቅ የሚቆሽሸው ከመታቀፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሰው ገላ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ላብ ጨዋማ ውሃ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዝገት ደግሞ በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። አምራቾች የብረቱን ቆዳ በናይትሮጅን ያጠነክሩታል ወይም ሌላ ሽፋን ያለብሱታል። ቢሆንም ትንንሾቹ ፒኖችና ብሎኖች፣ ኢላማ ማያዎቹም ጭምር፣ ከዋናው አካል ቀድመው ይዝጋሉ። ሸሚዝም የራሱ አለው፤ ከጨርቅ የሚረግፈው ብናኝ ከዘይት ጋር ተላቁጦ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘይት ሲበዛ የሚጎዳው። የሚፈለገው ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ላይ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ዘይት የሚንጠባጠብበት ሽጉጥ አቧራ ይሰበስባል፣ ዘይቱም ጥይቷ ውስጥ ሰርጎ ማቀጣጠያዋን ሊያከሽፍ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ማራገፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሞተውም እዚህ ላይ ነው። ካርታው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም! አንዲት ጥይት ቀድሞ ጎርሷል። የማስታወቂያው «10+1» የሚለው «+1» እሷ ናት። ስለዚህ ካርታው ይወጣል፣ ስላይዱ ይሳባል፣ የጎረሰው በዓይን ይታያል፣ ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል፣ ጥይቶቹም ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳሉ። አንዳንድ ሽጉጦች ሲፈቱ ቃታቸው መሳብ አለበት። በዚህ ቅጽበት ያቺ አንዲት ጥይት ውስጥ ተረስታ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ተኩስ አለ። የፒ320 ዲዛይነሮች ይህን አስበውበታል፤ ካርታው ካልወጣና ስላይዱ ወደ ኋላ ተስቦ ካልተያዘ አይፈታም፣ ቃታውንም መሳብ አያስፈልግም። ሰው እንደሚረሳ አስቦ የተሠራ ነገር ነው፤ እኔ ከሽጉጡ ሁሉ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። የመተኮሻ ሳጥኗን ራሷን መፈታታት ግን ለባለሙያ ቢተው ይሻላል፤ ከውስጧ ዘላ የጠፋች አንዲት ሞላ ሽጉጡን አስተማማኝ የማይሆን ታደርገዋለች።

ስለ ሞላ ከተነሳ፣ «ካርታ ጥይት ሞልቶ ከተቀመጠ ሞላው ይደክማል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሞላ በልኩ ውስጥ ተጨምቆ ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም፤ የሚያደክመው መመላለሱ ነው። ሽቦ በእጃችሁ ስትሰብሩ አንድ ጊዜ አጥፋችሁ አትይዙትም፣ ወዲያ ወዲህ ታመላልሱታላችሁ። የትንንሽ ሽጉጦች ሞላ ግን በጠባብ ቦታ እስከ አቅሙ ጫፍ ስለሚጨመቅ ከትልቁ ቀድሞ ይደክማል፤ የአምራቹ መመሪያ ሞላው በስንት ተኩስ እንደሚቀየር የሚናገረው ለዚህ ነው።

ለተማሪያችን አንድ የቤት ጉዳይም አለን። አጎትህ በማይታጠቀው ሰዓት ሽጉጡ የሚቀመጠው ተቆልፎ መሆን አለበት። በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ከማንኛውም ምክንያት በላይ የገደለው የጦር መሣሪያ ነው። 2 ኪሎ የሚሳብ ቃታ ለአዋቂ ጣት የተመጠነ ነው፤ ሕፃን ልጅ ግን ሽጉጡን አዙሮ ይይዝና በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋዋል። አዙሮ ያዘ ማለት አፈሙዙ ወደ ራሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ካገኘኸው አታንሳው፣ ባዶ ይሁን አይሁን ለማየትም ቢሆን። ትንሾቹን ይዘህ ውጣና ትልቅ ሰው ጥራ።

የመጨረሻው ነገር ለአጎትህ ነው። ማታ ሲገባ ሽጉጡን ያራግፋል፣ ጠዋት ያቺኑ ጥይት መልሶ ያጎርሳል። ስላይዱ በጎረሰ ቁጥር የአረሯ ጫፍ ብረት ይመታል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አረሯ ወደ ቀለሁ ውስጥ ትሰምጣለች። ባሩዱ ያው ነው፣ ያለበት ቦታ ግን ጠበበ። ቦታ ሲጠብ ባሩድ ይበልጥ በፍጥነት ይነዳል፣ ግፊቱም ቦታው ከጠበበበት መጠን በላይ ይዘላል፤ ቀለህ ሊቀደድ፣ ሽጉጥ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ያቺን ጥይትና ከካርቶን የወጣች አዲስ ጥይት ጎን ለጎን ያቁማቸውና በካሊፐር ይለካቸው። ያጠረችውን መልሶ አያጉርሳት።